ደንበኛ ከመሆን እንግዳ መሆን ይበልጣል

ዕረፍት መልካም ነገር ነው። ስድስት ቀን የሠራ ሰው በሰባተኛው ቀን እንዲያርፍ ፈጣሪ ራሱ ሥርዓት ሠርቶለታልና፣ ዕረፍትን የሚነቅፍ ሰው አስተዋይ አይባልም። እኔም በዚህ ጽሑፍ የምነቅፈው ዕረፍትን አይደለም። የምነቅፈው፣ ዕረፍት የሚል ስም ተሰጥቶት በባለ ገንዘቦቻችንና በተማሩ ልጆቻችን ዘንድ እየተለመደ የመጣውን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በዓመት አንድ ጊዜ የሚገኘውን የነጻነት ጊዜ በአጥር በተከበበ ሪዞርት ውስጥ፣ በመዋኛ ገንዳ ዳር ተጋድሞ፣ አገርን ሳያዩ ሰውንም ሳያውቁ መጨረስ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ልጀምር። ጎንደር በልጅነቱ ያስተማርሁት፣ አሁን በውጭ አገር የሚኖር አንድ ሰው ባለፈው ዓመት ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ወደ አገሩ መጥቶ ነበር። ከመመለሱ በፊት ሊጠይቀኝ ወደ ቤቴ ገባ። በአገሩ የቆየው ሦስት ሳምንት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ዘመድ ለመጠየቅ የዋለው አራት ቀን ብቻ ነው፤ የቀረውን ከአንዱ ሪዞርት ወደ ሌላው እየተዛወረ አሳልፎታል። በስልኩ ያነሣውን ፎቶግራፍ አንድ በአንድ አሳየኝ። ውሃ አየሁ፤ ጃንጥላ አየሁ፤ በሳሕን የተደረደረ ምግብ አየሁ፤ ደግሞም ውሃ አየሁ። እርሱ ባይነግረኝ ኖሮ አገሩ ኢትዮጵያ ይሁን ሌላ ለይቼ ለማወቅ አልችልም ነበር። እኔም፣ «ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ቀን ውስጥ ስሙን የያዝኸው አንድ ሰው አለን?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ጋሼ፣ አስተናጋጆቹ ስማቸውን በደረታቸው ለጥፈው ነበር፤ ነገር ግን አላነበብሁትም» አለኝ።

ይህ ሰው ክፉ ሰው አይደለም። ዘመዶቹን ይረዳል፤ መምህሩን አስታውሶ ይጠይቃል፤ የጠየቅሁትንም ሳይዋሽ መለሰልኝ። ስለዚህ እርሱን ለማማት ብዬ አልጻፍሁም። እንዲያውም ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነው። የአገሩን ጂኦግራፊ ያስተማርሁት እኔ ነኝና። ስለ ምዕራቡ ቆላ ያስተማርሁትም «መተማ ሞቃት ነው፤ ሰሊጥና ጥጥ ይበቅልበታል» የሚል አንድ መስመር ነበር። ያን ባስተማርሁበት ጊዜ መተማን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር።

ስለ ስም የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያም ያስተምሩን የነበሩ አንዲት የውጭ አገር መምህርት ቅዳሜ ቅዳሜ በእግር ይዘውን ይወጡ ነበር። ስንቃችን ዳቦና ቆሎ ነበር፤ ውሃ ግን እንድንይዝ አይፈቅዱልንም። «ውሃውን ከሰው ደጅ ትለምናላችሁ፤ ያጠጣችሁንም ሰው ስም በደብተራችሁ ትጽፋላችሁ» ይሉን ነበር። እኛም የቅዳሜ ጨዋታችንን የነጠቁን እየመሰለን እናጉረመርም ነበር። የትምህርቱ ፍሬ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እርሱንም ወደ ኋላ እናገራለሁ።

አስቀድሜ ግን የሁለት ቃላትን ልዩነት ላስረዳ። እነርሱም «ደንበኛ» እና «እንግዳ» ናቸው።

በአባቶቻችን ልማድ መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ፣ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይላል። ባለቤቱም፣ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ብሎ ይቀበለዋል። እግሩ ይታጠባል፤ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፤ መደቡ ይለቀቅለታል። በዚያች ሌሊት እንግዳው የሚከፍለው ገንዘብ አይደለም። የሚከፍለው የመጣበትን አገር ወሬ ነው፤ ምስጋና ነው፤ ነገ ደግሞ በእርሱ ደጅ ለሚቆም ለሌላ መንገደኛ የሚመልሰው ብድር ነው። ደንበኛ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ደንበኛ ከፍሎ ይገባል፤ ስለ ከፈለም የማንም ባለ ዕዳ አይደለም። የቀረበለት ቢጎድል ይቆጣል፤ ቢሞላም ተገቢው ነውና አያመሰግንም። ሲወጣ ሒሳቡ ተዘግቷል፤ በእርሱና በዚያ አገር መካከል የቀረ ነገር የለም።

እንግዲህ ሪዞርት የሚሸጠው ለስላሳ አልጋና ሙቅ ውሃ ብቻ አይደለም። ከሁሉ አስበልጦ የሚሸጠው ሰው አለማስፈለግን ነው። በዚያ ውስጥ መንገድ አይጠፋህምና የምትጠይቀው ሰው የለም፤ አይጠማህምና የምትለምነው ሰው የለም፤ አይመሽብህምና የምታንኳኳው በር የለም። ይህን ብዙ ሰዎች ዕረፍት ይሉታል። እኔ ግን ሰው ከሰው ጋር የሚተዋወቅበት በር የሚከፈተው አንዱ ሌላውን ሲያስፈልገው ነው ብዬ አምናለሁና፣ ያን በር በገንዘብ መዝጋት ነው እለዋለሁ።

ይህን የምለው በመጽሐፍ አንብቤው አይደለም። በ1986 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ መተማ ተዛውሬ እንዳስተምር ታዘዝሁ። ዘመዶቼ ለሞተ ሰው እንደሚለቀስ አለቀሱልኝ። በደገኛው ዘንድ ቆላ ማለት ንዳድ ማለት ነውና፣ ወደዚያ የሚወርደው ወይ ነጋዴ፣ ወይ ሽፍታ፣ ወይ ሌላ መላ ያጣ ድኻ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። እኔም እየፈራሁ ወረድሁ። መንገዱ ከአዘዞ ተነሥቶ በጭልጋ በኩል አይከልን አልፎ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ገንዳ ውሃንና ኮኪትን አቋርጦ መተማ ዮሐንስ ሲደርስ ከጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዷል። ከፍታውም ከ2,000 ሜትር በላይ የነበረው ከ1,000 ሜትር በታች ሆኗል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። በከተማዋ ጫፍ ያለችውን ድልድይ የተሻገረ ሰው ገላባት ገባ ማለት ነው፤ ገላባትም የሱዳን ነው።

አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው የሞቱት በዚሁ በመተማ ነው። ከዚያ በስተ ደቡብ ያለው ቋራም የአፄ ቴዎድሮስ የትውልድ አገር ነው። ይህን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ነገር ግን ንጉሥ የሞተበትን ዘመን አውቅ እንደ ሆነ እንጂ፣ በዚያ አገር የሚኖረው ሰው ምን እንደሚበላና በምን ቋንቋ ልጁን እንደሚያባብል አላውቅም ነበር።

በዚያው ዓመት በጥር ወር፣ ትምህርት ቤቱ ለጥቂት ቀናት ሲዘጋ፣ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ወደ ሽንፋ ወንዝ አቅጣጫ በእግር ተነሣን። መሪ አልያዝንም፤ አጎበር አልያዝንም፤ የያዝነው ውሃም ከግማሽ ቀን የሚያልፍ አልነበረም። ድፍረት መስሎን ነበር፤ ነገር ግን ትዕቢት ነበር። ከቀትር በኋላ እሳት በበላው ሣርና በሽመሉ መካከል መንገዱ ጠፋብን። ውሃችንም አለቀ። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ሲጣበቅ ይታወቀኝ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጭስ አየንና ወደዚያ ሄድን፤ የጉሙዞች መንደር ነበረ።

አንድ ሽማግሌ ወጥተው አዩን። አማርኛ ጥቂት ያውቁ ነበር። ማን እንደ ሆንን ሳይጠይቁ ውሃ በቅል አመጡልን። ሁለት ጊዜ ከጎነጨሁ በኋላ ቅሉን ከእጄ ወሰዱት፤ የጠማው ሰው በአንድ ትንፋሽ ቢጠጣ ይጎዳዋል ብለው ነው። ጥቂት ቆይተው መልሰው ሰጡኝ። ሌሊቱን የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ አቀረቡልንና በገዛ መኝታቸው አስተኙን። በማግሥቱ ገንዘብ አውጥተን ብንሰጣቸው እንቢ አሉ። ከዚያም እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «ሰሊጥ አትገዙም፤ ጠመንጃም አልያዛችሁም፤ ምን ልትወስዱ መጣችሁ?» እኛም፣ «አገሩን ልናይ ነው» አልናቸው። እርሳቸውም ረጅም ጊዜ ተመለከቱንና፣ «ለማየት ብቻ ከደጋ የወረደ ሰው አላየሁም። በአያቴ ዘመን ከላይ የሚመጣ ሰው የሚመጣው ሰው ሊወስድ ነበር» አሉን።

እውነታቸውን ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መተማ የታወቀ የባሪያ ገበያ ነበረች። ለዚያም ገበያ ከሚነዱት መካከል ከዚያው ከቆላው የተያዙ ጉሙዞች ይገኙ ነበር። ይህን በክፍል ውስጥ አስተምሬው አላውቅም። አያቶቻቸው እንደ ከብት በተነዱበት አገር እኔ የነጂዎቹ ወገን ሆኜ ተጠምቼ ስመጣ፣ ሽማግሌው ያን እያወቁ ውሃ አጠጡኝ። አንባቢ ሆይ፣ ለዚያች ቅል ውሃ ስንት ብር ይከፈላል? የትኛውስ ደንበኛ ያን ሒሳብ ዘግቶ ሊወጣ ይችላል? የመምህርቴ የደብተር ትምህርት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የሽማግሌውን ስም ጻፍሁ። ፈቃዳቸውን አልጠየቅሁምና እዚህ አላወጣውም፤ ደብተሩ ግን እስከ ዛሬ በሣጥኔ ውስጥ አለ።

ከጉዞው በተመለስሁ በሁለተኛው ሳምንት ወባ ጣለኝ። የትዕቢቴ ዋጋ ነበር፤ ከፈልሁት። የሽማግሌው ውለታ ግን ሳይከፈል አለ።

ወደዚያ አገር ለማየት የሄደ ሌላ ሰው አልነበረም አልልም፤ ነበረ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በዚሁ ቆላ በኩል ወደ ስናር ወጣ፤ ጉዞውንም እ.ኤ.አ. በ1790 በአምስት ቅጽ አሳተመ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከርም እ.ኤ.አ. በ1861 በአትባራ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ ደረቅ አሸዋ የነበረው ወንዝ በአንዲት ሌሊት ሞልቶ ሲወርድ አየ። በሚቀጥለው ዓመት እስከ ገላባት ደረሰ። የግብፅን መሬት የሚያለመልመውን ሙላትና ደለል የሚያወርዱት የኢትዮጵያ ወንዞች መሆናቸውንም እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጠ። ያ አትባራ ከእኛ አገር ሲነሣ ስሙ ጓንግ ነው። በጓንግ ዳር የሚኖር ገበሬ ወንዙ መቼ እንደሚሞላ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፤ ወርዶ የጠየቀው የተማረ ሰው ግን አልነበረምና፣ እኛ የጎንደር ልጆች የወንዛችንን ነገር ከባዕድ መጽሐፍ ተማርን።

እነዚህን ሰዎች እንደ ቅዱሳን አላከብራቸውም። ቤከር በሄደበት ሁሉ ዝሆን እየገደለ፣ የተቀበሉትንም ሰዎች ብዙ ጊዜ እየናቀ የተጓዘ ሰው ነው። ነገር ግን ሄዶ አየ። በእኛም ዘመን በ2008 ዓ.ም. የኦክስፎርዱ ተመራማሪ ሃንስ ባወር ከባልደረቦቹ ጋር በቋራ ወረዳ አልጣሽ ፓርክ ካሜራ አጥምዶ የአንበሶችን ፎቶግራፍ አነሣ። አልጣሽ በ1998 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተከለለ፣ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ከሱዳን ዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰን በረሃ ነው። አንበሳ መኖሩን የአገሩ ሰው ያውቅ ነበር፤ ለቀረው ዓለም ግን አዲስ ወሬ ሆነ። አንበሳ ደረቱ ላይ የሚታይበት ብር በኪሳችን የያዝን ሰዎች፣ በገዛ አገራችን ቆላ አንበሳ መኖሩን ከሩቅ አገር ጋዜጣ ሰማን። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ሰዎች ይህን ተረት ለመጽናኛ ይናገሩታል፤ እኔ ግን የክስ ቃል ሆኖ ይሰማኛል። የማይናፍቀንን አገር ማን ይጠብቀዋል?

አሁን የሚቃወሙኝን ሰዎች ቃል ልስማ።

አንደኛው፣ «ዓመቱን ሙሉ ስሠራ ደክሞኛል፤ ለምን ደግሞ በዕረፍቴ ልድከም?» ይላል። መልሴ ይህ ነው፦ ወንድሜ፣ የደከመህ ምንህ ነው? እግርህ ነውን? እግርህማ ከወንበር በታች ታጥፎ ከርሟል። የደከመው ልብህ ነው፤ እርሱም የሚደክመው በየቀኑ አንድ ዓይነት ነገር ከማየት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ተኛ፤ አልከለክልህም። ከዚያ በኋላ ግን መተኛት ራሱ ሌላ ድካም ይሆናል።

ሁለተኛው፣ «ሪዞርቱ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ነው፤ አንተ እንጀራቸውን ልትዘጋ ነውን?» ይላል። ይህ ቁም ነገር ነው፤ አልክደውም። በጣና ሰሜናዊ ዳር በጎርጎራ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ሪዞርት ሲሠራ ሥራ ያገኙ ሰዎች አሉ፤ ያም መልካም ነው። እኔ የምለው ከበሩ ውጣ ነው። በዚያው በጎርጎራ በጥንታዊ ሥዕሎቹ የታወቀው የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሱስንዮስ ያሠሩት ግንብ ፍራሽም ከዚያ አይርቅም። ሪዞርት አድረህ ይህን ሳታይ ብትመለስ፣ የጎርጎራን አልጋ አየህ እንጂ ጎርጎራን አላየህም። ደግሞም በእግርህ ሄደህ ከመሪው፣ ከጀልባ ቀዛፊው፣ ቡና ከምታፈላው ሴት ጋር የምትጨርሰው ገንዘብ እርሱም ለድኻ እንጀራ ነው።

ሦስተኛው ሰው ከሁሉ ይበልጥ ያስቸግረኛል፤ ንግግሩ እውነት አለበትና። እርሱም እንዲህ ይላል፦ «ወደ መተማ በየዓመቱ የሚወርዱ ብዙ ሺህ ድኾች አሉ። እነርሱ የሚወርዱት ሰሊጥ ሊያርሙና ሊያጭዱ ነው። የእነርሱን መከራ አንተ ለጨዋታ ልታደርገው ነውን?»

እውነት ነው። ሰሊጥ ደርሶ በጥቂት ቀን ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ከደጋው የሚወርደው ወጣት ስፍር ቁጥር የለውም። ሌሊት በሜዳ ይተኛል፤ ቀን በግራር ጥላ ያርፋል። በዚያ በሚሰነጠቀው ጥቁር አፈርና በግራሩ ሥር የአሸዋ ዝንብ የምትባል ትንሽ ነፍሳት ትኖራለች። የእርስዋ ንክሻ ካላ አዛር የተባለውን በሽታ ያመጣል፤ ይህም ትኩሳት እያመላለሰ፣ ጣፊያን እያሳበጠ፣ ሰውነትን እያከሳ የሚሄድ፣ ካልታከሙትም አብዛኛውን ጊዜ የሚገድል በሽታ ነው። በመተማ ሳስተምር ወንድሞቻቸውን በዚህ በሽታ ያጡ ተማሪዎች ነበሩኝ።

ስለዚህ መከራን እንደ ቴአትር ለማየት የሚወርድ ሰው ከሪዞርት ደንበኛ የባሰ ነው ብዬ እመሰክራለሁ። ተራራ ወጥቶ ፎቶግራፍ ለማንሣት፣ ከበረሃ ተርፎ ለመመካት ብቻ የሚሄድ ሰውም ያው ደንበኛ ነው፤ ልዩነቱ በምቾት ፋንታ አደጋን መግዛቱ ነው። እኔ ሂድ የምለው አደጋው ጣፋጭ ስለ ሆነ አይደለም። ካልሄድህ ይህ የሰሊጥ ዘይት በማን ላብ እንደ መጣ አታውቅም፤ ካላወቅህም ያ ልጅ ለምን አጎበር እንዳጣ አትጠይቅም። የድኻው ጉዞ አስገዳጅ፣ የአንተ ጉዞ በፈቃድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በፈቃድ የሚሄድ ሰው ግዴታ አለበት፤ ያየውን እንዲያስብበት፣ የተቀበለውንም እንዲመልስ።

ይህ ነገር የጨዋታ ጉዳይ የሚመስለው ሰው ቢኖር የመተማን ድልድይ ታሪክ ይስማ። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን ተሰደው እንግዳ ሆኑ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ምክንያት ከ50,000 የሚበልጡ ሰዎች እንደ ገና ወደ ሱዳን ተሻገሩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ በሱዳን ሆነና፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ እኛ ገቡ። ባለ እንግዳውና እንግዳው ቦታ ተለዋወጡ። ለስደተኞቹ በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ የተባሉ መጠለያዎች ተሠሩ። ነገር ግን መሣሪያ የያዙ ወንበዴዎች ዘረፏቸው፤ አገቷቸው፤ ገደሏቸውም። በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ መጠለያውን ትተው መንገድ ዳር ሰፈሩ። «የእግዚአብሔር እንግዳ» ሲባል በር ይከፍቱ የነበሩ ሰዎች አገር እንዲህ ሆነ።

ይህ የሆነው ሰዎች ሪዞርት ስለ ሄዱ ነው የምል ሞኝ አይደለሁም። ጦርነትና ረሀብ ያመጡት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ይህ ወሬ በተሰማ ጊዜ የአገሩ የተማረ ሰው ሁሉ ለምን ዝም አለ? መልሱ ቀላል ነው። አውላላ የት እንዳለ አያውቅም፤ በዚያ መንገድ ተጠምቶ አያውቅም፤ በዚያ አገር ስሙን የያዘው ሰው የለም። እንግዳ ሆኖ የማያውቅ ሰው እንግዳ መቀበልን ከየት ይማራል?

አሁን ደግሞ ትዕቢት እንዳላስተምር ልጠንቀቅ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ምክንያት በመተማ መንገድ ስለ ዕገታና ስለ ግድያ ብዙ ሰምተናል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን አንብበህ ዛሬ ልጆችህን ይዘህ ወደዚያ ውረድ አልልህም። ልጅን ወደ ጥይት መውሰድ ጀብዱ ሳይሆን ኃጢአት ነው። ሰላም እስኪመጣ ጠብቅ። ነገር ግን ኢትዮጵያ ሰፊ ናት። ከተማህን በአንድ ቀን የእግር መንገድ ርቀህ የማታውቀው፣ ሰላም ያለው ስንት ገጠር አለ? ከዚያ ጀምር።

ስትሄድም እኔ በልጅነት ሞኝነቴ እንደ ሄድሁ አትሂድ። የአገሩን ሰው መሪ አድርገህ ያዝ፤ ዋጋውንም ሳትከራከር ክፈል። በቆላ ከሆነ አጎበር ያዝ፤ ስለ ወባ መድኃኒት ሐኪም ጠይቅ፤ ውሃህን ከሚበቃህ አብልጠህ ያዝ። ዝናም ሲያቆምና ሙቀቱ ሳይበረታ፣ በኅዳርና በጥር መካከል ሂድ። ሰው ቤት ከገባህ የቀረበልህን ብላ፤ ሽታውና ጣዕሙ ባይለመድህም ፊትህን አታጥቁር። ፎቶግራፍ ከማንሣትህ በፊት ስም ጠይቅ። ስሙንም ጻፍ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ መለስ ብለህ ጠይቃቸው፤ ያን ጊዜ እንግዳ መሆንህ ቀርቶ ወዳጅ ትሆናለህ።

ያ የድሮ ተማሪዬ ሊሄድ ሲነሣ ደብተሬን ከሣጥን አውጥቼ አሳየሁት። ትልቋ ልጁ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የሚሆናት፣ አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን ገጾቹን እያገላበጠች ዝርዝሩ ምን እንደ ሆነ አባቷን ጠየቀችው። አባቷም በእንግሊዝኛ ነገራት። እርስዋም ጥቂት አሰበችና አንድ ነገር ጠየቀች፤ እርሱም ፊቱ ተለዋውጦ ተረጐመልኝ፦ «እኛን ውሃ ያጠጣን ማን ነው? ትላለች።»

አባቷ መልስ አልነበረውም። በዚያው ምሽት ግን ስልክ ደውሎ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሲመጡ ሁለት ሳምንት በእግር ለመሄድ ማሰቡን ነገረኝ፤ መንገዱንም እንድመርጥለት ለመነኝ። እኔ ጉልበቴ ደክሟል፤ ከእነርሱ ጋር ረጅም መንገድ መሄድ አልችልም። መንገዱን ግን እየመረጥሁ ነው። የመተማ መንገድ ሰላም የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ልጅቷን ወደ ሽንፋ እንዲወስዳት አደራ ብዬዋለሁ። ሽማግሌው በሕይወት አይኖሩ ይሆናል፤ ልጆቻቸው ግን ይኖራሉ። ያች ቅል ውሃ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በእኔ ላይ ዕዳ ናትና፣ የእኔ እግር ባይደርስ የተማሪዬ ልጅ ትድረስልኝ። አንተም አንባቢዬ፣ እንዲህ ያለ ዕዳ ከሌለብህ በሕይወትህ ብዙ አጉድለሃልና፣ ጊዜ ሳለህ ተነሥተህ ፈልገው።